ላብ ያጣው ግዙፍ

በሐሩሩ ወር፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ የናሁራ ምድር ማላቡን አቆመ። ከብቱ በቁሙ ይወድቅ ጀመር።

ናሁራ በተኛ ግዙፍ ሰው ገላ ላይ የተመሠረተች መንግሥት ናት። ግዙፉ ሲሞቀው ያልበዋል፤ ሲያልበው ምድሩ ይቀዘቅዛል። በአንጎሉ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀማሽ ይቀመጣል፤ በየማለዳውም የግዙፉን ደም በምላሱ ጫፍ ይነካል። ጨው ከበዛ «ዝጉ!» ብሎ የኩላሊትን በሮች ያዘጋል፣ ውኃም ይቆጠባል። ጨው አንሶ ደሙ ከሳሳ «ክፈቱ!» ይላል። ምላሱ እንዳይሳሳት ቀማሽ ዕድሜውን ሙሉ ጨው አይበላም።

ወጣቷ ቀማሽ ናትራን ለአሥረኛ ጊዜ በንጉሥ አርሞን ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ የግዙፉ ጨው በላብ ወጥቶ አልቋል! እናንተ የዝናብ ውኃ ብቻ ስታጠጡት ደሙ ይሳሳል፤ በሮቹን እከፍታለሁ፤ ያፈሰሳችሁት ሁሉ ይወጣል!»

«ታዲያ አትክፈቺያ!»

«ካልከፈትኩ አንጎሉ አብጦ ይሞታል!»

ንጉሡ ፊታቸውን አዞሩ። «ለተጠማ ጨው? ልጅቷን ሙቀቱ አዙሯታል። ሌላ ሺህ እንስራ ውኃ አፍስሱ!»

ናትራን ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ደጅ ላይ የኩላሊት በር ጠባቂው ሽማግሌው ቡልቶ ክንዱን እያሸ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ዘንዶ ወደሚጠብቀው የጨው ሐይቅ እንሂድ። በምላሴ እምላለሁ፣ ጨው ሳልይዝ አልመለስም!»

«እሄዳለሁ» አለ ቡልቶ። «ስንቁን ግን እኔ ልሥራ። ያንቺ ወጥ ከዘንዶው በፊት ይገድለኛል።»

ሰባት ቀን በሚፋጅ አሸዋ ተጓዙ። ዘንዶው ከሐይቁ ራሱን አነሣ።

«ስትምዪ ሰምቻለሁ» አለ። «ዋጋው የማልሽበት ነው።»

ናትራን አፏን ከፈተች። የዘንዶው እስትንፋስ ምላሷን ለበለበው።

ጨዉን ይዘው ተመለሱ፤ በውኃ በጥብጠውም ለግዙፉ አጠጡት። በማግሥቱ ናትራን ደሙን ነካች፤ ምንም ጣዕም አልተሰማትም። ቡልቶ ጣቱን ነክሮ ላሰ።

«ጨው አለው! ኧረ በደንብ አለው!»

«ዝጉ!» ብላ ጮኸች።

በሮቹ ተዘጉ። ውኃው ቀረ። በቀትር ከምድሩ የመጀመሪያዋ የላብ ጠብታ ወጣች፤ ከዚያ ሺዎች። ሕዝቡ እልል አለ።

«አላልኳችሁም?» አሉ ንጉሡ ከሰገነታቸው። «እንስራዎቹ ሠሩ!»

ናትራን ከሕዝቡ ተለይታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ቡልቶ ከአጠገቧ ተቀምጦ ትኩስ ወጥ አቀረበላት። «ብዪ ልጄ። ከእንግዲህ ቀማሽ አይደለሽም፤ ጨው ተፈቅዶልሻል።»

ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች።

«እስቲ ንገረኝ ጋሼ» አለችው፣ «ምን ምን ይላል?»