የአራት ሰዓቱ ችሎት

አረጋዊው ጠበቃ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀርተዋል። ከፊታቸው ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ቀዝቅዟል፤ አጠገቡ ባዶ የልብ መድኃኒት ብልቃጥ ተጋድሟል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሻዩን አሸተተች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

«ይኼን ማን አፈላ?»

«እኔ፣» አለች ተለማማጇ። «ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ሰጥቻቸው ወጣሁ።»

ሁለት ዓመት ከእሳቸው እግር ስር ቁጭ ብላ ሙያ ቀስማለች። በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃዷን ተቀብላ የራሷን ትንሽ ቢሮ ልትከፍት ነበር። አሁን ግን በነፍስ ግድያ ለተጠረጠረች ልጅ ማን ፈቃድ ይሰጣል?

ጸሐፊዋ አይኗ አብጧል። «ልክ ሦስት ሰዓት በሩን ስከፍት አገኘኋቸው። ጮህኩ።»

«ጩኸቷን ሰምቼ ነው እኔም የመጣሁት፣» አለ ከኮሪደሩ ማዶ ቢሮ ያለው ጠበቃ፤ የሟቹ የሃያ ዓመት ወዳጅ ነው። «ማታ ስንሰነባበት ደህና ነበሩ። ምን ጉድ ነው!»

ተለማማጇ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለአራት ሩብ ጉዳይ። «ወይኔ፣ የጋሼ የአራት ሰዓት ችሎት! ባለጉዳይዋ ብቻዋን ቆማ ትቀራለች።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣» አለ የኮሪደሩ ማዶ ጠበቃ፤ «ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ሌላ ቀን ይቀጠራል።»

ወንፊት አንገቷን ቀና አደረገች። ምንም ሳትል አንዱን ፖሊስ ወደ ፍርድ ቤቱ ላከችና የሟቹን መሳቢያ ከፈተች። ፖሊሱ አንድ ወረቀት ይዞ ሲመለስ ሁሉንም አስቀመጠቻቸው።

«እዚህ ቤት አንድ ደንብ አለ አሉ፣» አለች።

«አዎ፣» አለች ተለማማጇ። «ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ድንገት ቢሞት መዝገቦቹን የሚረከብ ሰው በደብዳቤ ይሰይማል። የእሳቸው ተረካቢ እኚህ ጎረቤታችን ጠበቃ ናቸው። ጋሼ ‹ሰው ይሞታል፤ ቀጠሮ ግን አያልፍም› ይሉ ነበር።»

«ተረካቢውም ደንቡን አክብረዋል። ‹ጠበቃው ስላረፉ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠን› ብለው ጽፈዋል። ግን የመዝገብ ቤቱ ማህተም ሁለት ሰዓት ከአርባ ይላል። ጸሐፊዋ የጮኸችው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መሞታቸውን ማን ነገረዎት?»

ሰውዬው ወረቀቱን ስቦ ማህተሙን አየ።

«መሳቢያው ውስጥ ለዲሲፕሊን ጉባኤ የተጻፈ አቤቱታ አለ። እርስዎ የባለጉዳይን ምስጢር ለተቃራኒ ወገን አሾልከው ሰጥተዋል፤ ሟቹ ሊያስነቅፉዎት ብቻ አይደለም፣ ፈቃድዎን ሊያስነጥቁዎት ነበር። ማታ ሲሰናበቱ መድኃኒቱን ሻዩ ውስጥ ገለበጡት። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል፤ እርስዎም ለአመልዎ ቀጠሮ ጠየቁ።»

«ቀጠሮው እንዴት ይለፍ ታዲያ?» አለ ሰውዬው በሹክሹክታ። «ባለጉዳይዋ ምን በደለች?»

ካቴና ገብቶለት ሲወጣ ጸሐፊዋ ፊቷን አዞረች። ወንፊት ተለማማጇን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «በይ፣ ነፃ ነሽ። ቢሮሽን ክፈቺ።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ቦርሳዋን ከፍታ ለአዲሱ ቢሮዋ ያዘጋጀችውን ደብዳቤ አወጣች። «ድንገት ብሞት መዝገቦቼን የሚረከበው» ከሚለው ስር ትናንት ጠዋት እየሳቀ የፈረመላት ይኸው ሰውዬ ነበር።