ከኦርት ስም በስተግራ

ሌሚዩል ኦርት ሞቶ የተገኘው ባንኩ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ብዕሩን እንደ ጨበጠ ነው። ማጅራቱን በምድጃ መቆስቆሻ ብረት ተመትቷል። ከጉንጩ ሥር ገና ያልተቆረጠ ዶላር ተነጥፏል። በብራሽ ፎርክ ከተማ ዶላር ተንተርሶ የተኛ ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ፣ አንዳንዱ ከማዘኑ በፊት ሳይቀናበት አልቀረም።

በነብራስካ ሜዳ ላይ ያ ክረምት ክረምት እንዳይመስላችሁ! ብርዱ ከመጥናቱ የተነሣ ጥላችን እንኳ አብሮን መውጣቱን እምቢ ብሎ ምድጃ ዳር ይቀር ነበር። ኦርት ግን ጥላው ሳይከዳውም ብቻውን የኖረ ሰው ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ባንኩ ብቻ። ባንኩም እንደ ሌሎቹ የትንንሽ ከተማ ባንኮች በራሱ ስም ዶላር ያወጣል። ገንዘቡ ከዋሽንግተን አራት አራቱ በአንድ ሉክ ታትሞ ይመጣል፤ ዋናው ገንዘብ ያዥ በግራ፣ የባንኩ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም ኦርት፣ በቀኝ ይፈርሙበታል፤ ከዚያ በመቀስ ይቆረጣል። የጎረቤት ከተማ የባንክ ፕሬዚዳንቶች የፊርማቸውን ማኅተም አስቀርጸው ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ኦርት ግን ያለ ብዕር ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነበር።

«እኔ ከዚህ ሜዳ ወጥቼ አላውቅም፤ ስሜ ግን ካሊፎርኒያን አይቷል» ይል ነበር፣ የሚሰማው ሲያገኝ።

መርማሪው አሞስ ትሪግ ከአውራጃው ከተማ በባቡር ደረሰ። ማስነጠስ ሥራው የሆነ፣ ከኪሱ የደረቀ ፖም የማይጠፋ አጭር ሰው ነው። ሸሪፉ ግን ቀድሞት ገዳይ አግኝቶ ነበር፤ የባንኩን ጸሐፊ፣ ባሏ የሞተባትን ቲያ ሎንግረንን። ለሟቹ ምሳ ያስገባችው እሷ፣ ተቆጥታ ስትወጣም የታየችው እሷ። ማክሰኞ ዳኛ ፊት ትቀርባለች፤ በዚያ አገር ደግሞ ገመድ ውድ አይደለም።

«ሾርባውን ሲያስገቡላቸው ሚስተር ኦርት ምን ያደርጉ ነበር?» አላት ትሪግ።

«ይፈርማሉ። ሌላ ምን ያውቃሉ?»

«ምን አሉዎት?»

«ጨው አንሶታል አሉኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ጨው እንዳነሰው ነው! ከዚያ ደግሞ ‹ስምሽን በጠባብ ቦታ አሳምረሽ መጻፍ ትችያለሽ?› አሉኝ። የሚያሾፉብኝ መሰለኝና በሩን ደርግሜ ወጣሁ። የመጨረሻ የሰሙኝ ያንን ነው።»

ቀጥሎ የሟቹ የእህት ልጅ ፍሎይድ ገባ፤ ወራሽ እሱ ነው።

«የት ነበርክ?»

«ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ። ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ ነው መርዶው የደረሰኝ።»

«ማስረጃህስ?»

«ግማሹ ይኸውልህ!»

መጨረሻ ላይ ዋናው ገንዘብ ያዥ ዊልመር ካስ ተጠየቀ። ጥፍሩ ንጹሕ፣ አንገትጌው ደረቅ።

«ጧት ሉኩን ሁሉ ፈርሜ አስረከብኳቸውና ቤቴ ገባሁ። ራሴን አሞኝ ነበር።»

«ሁልጊዜ እርስዎ ነዎት ቀድመው የሚፈርሙት?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ። ሽማግሌው ከኔ ስም በፊት ብዕር አያነሣም። ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የራሱ።»

ትሪግ ከሟቹ ጉንጭ ሥር የተገኘውን ሉክ መስኮት ዳር ወስዶ በማጉያ መነጽር ሲያየው ቆየ፤ አስነጠሰ፤ ፖሙን አኘከ። ከዚያ ሁሉንም ምድጃው ዙሪያ ሰበሰበ። ቲያንም ከእስር አስመጣት።

«ሟቹ ሲመታ ስሙን እየጻፈ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ብዕሩ ከቀኝ ወደ ግራ ተስቦ ረጅም ሰረዝ ጥሏል። የሱ ቀለም ቡኒ ነው፣ ራሱ ይበጠብጠዋል። የእርስዎ ጥቁር ነው፣ ሚስተር ካስ። ሰረዙ የእርስዎን ቦታ አቋርጦ ሄዷል።»

«ታዲያስ?»

«ጧት ፈርመው ቢሆን ቡኒው በጥቁሩ ላይ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ጥቁሩ ነው ቡኒውን የረገጠው። የፈረሙት ሰውየው ከተመታ በኋላ ነው።»

ካስ ሳቀ። «እኔ ብገድለው ወረቀቱን እዚህ ምድጃ ውስጥ አልከተውም ነበር?»

«እሱስ እውነቱን ነው» አለ ሸሪፉ።

«ሌላ ሰው ቢሆን ይከተዋል» አለ ትሪግ። «ግን የእያንዳንዱ ሉክ ቁጥር ዋሽንግተን ይታወቃል። ደግሞስ ሃያ ዓመት ባንክ የኖረ ሰው፣ ሰው ይገድላል እንጂ ዶላር ያቃጥላል?»

ትሪግ አስነጠሰና ቀጠለ።

«ሽማግሌው ያን ቀን የራሱን ሕግ ጥሶ ቀድሞ ፈረመ፤ ግራውን ለሌላ ሰው ተወው። እርስዎ ገብተው ባዶውን ሲያዩ መሻርዎን አወቁ። ገደሉት፤ ማንም ምክንያቱን እንዳይጠይቅ ባዶውን ሁሉ በስምዎ ሞሉት።»

«ግምት ነው!»

«አንዱን ግን አላገኙትም።» ትሪግ የታጠፈ ሉክ ዘረጋ። በስተቀኝ አራት ጊዜ ኦርት፤ በስተግራ ምንም። «የሟቹ ኮት ውስጥ፣ በልቡ በኩል ነበር። ለአዲሱ ገንዘብ ያዥ ሊሰጠው ይዞት ይመስለኛል።»

ካስ ብድግ አለ። «እኔ ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ወንበር ለሾርባ አመላላሽ!»

ሸሪፉ ወደ ቲያ ዞረ።

«ሚስተር ካስ» አለ ትሪግ ቀስ ብሎ፣ «ማን እንደሆነች እኔ አልተናገርኩም።»

ሸሪፉ ካስን ይዞት ወጣ፤ ፍሎይድም ግማሽ ጢሙን ይዞ ተከተለ። ቲያ ግን ነጻ ነሽ ብትባልም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሜዳው ላይ ነፋሱ ያፏጫል፤ ከባንኩ እስከ ሰማይ ጥግ አንድ ጭስ አይታይም።

ትሪግ ሉኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህ ወደ ዋሽንግተን ይመለሳል፤ እዚያ ይቃጠላል። ባቡሩ እስኪመጣ ግን በዚህ ጉንፋን ዓይኔ እንባ ብቻ ነው፤ ምንም አያይም።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቲያ ብዕሩን ቡኒው ቀለም ውስጥ ነከረች። ቆማ፣ በጠባቡ ቦታ፣ አሳምራ፣ ከኦርት ስም በስተግራ ስሟን ጻፈች። በአራቱም ላይ።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞራ፦

«ጨው አላነሰውም ነበር» አለች።