አረቄ የነጠቀ አማች

ሙሉቀንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንቄዋለሁ። ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኩዌት ከተመለስኩ ገና ወር አልሞላኝም፤ ብርዱ ያንቀጠቅጠኛል። ሌላ ወንድ ቢሆን ዓይኔን ያሞግስ ነበር። ይኼ በዩኒቨርሲቲ የሰውነት አሠራር የሚያስተምር መምህር ግን መንቀጥቀጤን አደነቀ። ሰውነት ሲቀዘቅዝ አንጎል ጡንቻን «ተንቀጥቀጥ» ብሎ ያዘዋል፤ ጡንቻው ሲሠራ ሙቀት ይፈጥራል አለኝ።

«ጎበዝ አንጎል አለሽ» ብሎ ጃኬቱን አለበሰኝ። የሙገሳ ድሃ!

ጃኬቱን ልመልስ ስል፣ እሱም ልውሰድ ሲል ዓመት ሞላን። ከዚያ ሽማግሌ ላከ።

ቤታችን ጉና ተራራ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹን የመሩት አጎቱ አያ በላይነህ ነበሩ። በአገራችን አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ይኼ ግን ዝናቡን ሲያይ ለአጎቱ ሰግቶ ተከተላቸው። ነውር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

አያ በላይነህ በስብሰው ይንቀጠቀጡ ነበር። ጥያቄያቸውን ገና ሳያቀርቡ አባቴ ለብርዱ አረቄ ቀዱላቸው፤ ደገሙላቸው። መንቀጥቀጡ ቆመ። ጋቢያቸውን ገፈው «ሞቀኝ» አሉ፤ ምላሳቸው ግን ተሳስሯል። ሁላችንም ደስ ሲለን ሙሉቀን ተነሥቶ መለኪያውን ከእጃቸው ነጠቀ።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። አረቄ ሙቀታቸውን ወደ ቆዳ አውጥቶ ይበትነዋል። መንቀጥቀጡ የቆመው ድነው አይደለም፤ አንጎላቸው ማዘዝ አቅቶት ነው።»

«በቤቴ የእንግዳዬ እጅ ይያዛል?» አሉ አባቴ፣ ፊታቸው ጠቁሮ።

ጋብቻዬ አለቀለት አልኩ። ጅሉ የአጎቱን እርጥብ ልብስ አውልቆ፣ የራሱን ሸሚዝ ጥሎ፣ በደረቅ ጋቢ አብሯቸው ተጠቀለለ። እኔን ሊያገባ መጥቶ ሽማግሌውን አቅፎ ተኛ! ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አያ በላይነህ እንደገና ተንቀጠቀጡ። ሙሉቀን ደስታውን መደበቅ አቃተው። ራሳቸውን ሲያውቁ መጀመሪያ የተናገሩት ለእሱ ነበር፤ «አንተ ነውረኛ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

አባቴ የአረቄውን ጠርሙስ ከደኑ።

«መለኪያ የሚነጥቅ አማች አይቼ አላውቅም» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

የተቀመጥኩት እሳት ዳር ነው። ግን እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጉልበቴም ተከተለ። ሙሉቀን አየኝ። ይኼስ ይገባዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«በርዶሻል» አለኝ አዝኖ። «ወደ እሳቱ ጠጋ በይ።»

ዕድሜውን መንቀጥቀጥ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ምንም አያውቅም።

ለአባቴ «እሺ» አልኳቸው።