ቀይ ቀለም ያልነካው መጽሐፍ

ደራሲው የተገኘው ጠረጴዛው ላይ እንደ ተደፋ ነበር፤ ጉንጩ ወረቀት ላይ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ቀኝ እጁ የሻይ ፔርሙሱን እንዳቀፈ። ጠዋት በሩን የከፈተችው የጽዳት ሠራተኛ እንደ ልማዱ ሲጽፍ አድሮ ያንቀላፋ መስሏት በእግሯ ጣት እየተራመደች ወለሉን ጠርጋ ወጣች። መሞቱ የታወቀው አሳታሚው ለስብሰባ ሊጠራው ገብቶ ትከሻውን ሲነካው ነው።

መርማሪው ከመነሣቱ በፊት አለቃው «ደብዳቤ ትቷል፤ ክኒን በሻይ ጠጥቷል፤ እስከ ምሳ ጨርሰህ ና» ብሎት ነበር።

ደብዳቤው በጉንጩ ሥር የነበረው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የእጅ ጽሑፉ የራሱ የሟቹ ለመሆኑ ማንም አልተጠራጠረም።

«ይህ ኃጢአት የእኔ ነው። ሌላ ሰው የሠራውን ሥራ በስሜ አቁሜ ኖርሁ። ከእንግዲህ ዐይኔ የማንንም ፊት ማየት አይችልም። ይቅር በሉኝ አልልም።»

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው። አባቱ የፊደል አስተማሪ ነበሩ፤ በልጅነቱ ንጉሡን «ሠ» በእሳቱ «ሰ» በለወጠ ቁጥር ጣቶቹ የማስመሪያ ጠርዝ ቀምሰዋል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። የላይኛው ቀኝ ጥግ ጥፍር በምታክል ስፋት በመቀስ ተቆርጧል።

ከዚያ ዘወር ሲል በሩ ላይ የተለጠፈች ማስታወሻ አየ። ያው እጅ ነው። «ማክሰኞ አይን ሀኪም ጋር ነኝ። ስራ ያለው ረቡእ ይምጣ።» ነቅሎ ከደብዳቤው ጋር ማኅደሩ ውስጥ ከተታት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በዚያ ፎቅ ላይ ከሟቹ ጋር የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱ፣ አሳታሚው የሆነው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ እና የማተሚያ ቤቱ አራሚ። ማተሚያ ቤቱን ሚስትየው ከአባቷ ወርሳለች፤ ወንድሟ ያስተዳድርላታል።

ሚስትየው የሟቹን ኮት ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ጠበቀችው። አላለቀሰችም።

«ራሱን ገደለ ነው የምትሉኝ?»

«ደብዳቤው እንዲያ ይላል።»

«እሱ? ጉንፋን ሲይዘው ሦስት ሐኪም የሚያስጠራ ሰው? ትናንት ልብስ ሰፊ ጋ አብረን ነበርን፤ ለሽልማቱ ቀን የሚለብሰውን ሱፍ ሊለካ። ሊሞት የተነሣ ሰው ኮሌታው ጠበበኝ ብሎ ከልብስ ሰፊ ጋር ይጨቃጨቃል?»

«ክኒኑ ግን የእርስዎ ነው።»

«የእኔ ነው። ከመድኃኒት ቤት አምጣልኝ አልኩት፤ አመጣና እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ረሳው። የእኔን ነገር መርሳት ልማዱ ነው።» የኮቱን እጅጌ አስተካከለች። «አታባብሉኝ። ማን እንደ ገደለው ንገሩኝ።»

አሳታሚው ወፍራምና ላብ የማይለየው ሰው ነው፤ ሲናገር እጁ አያርፍም።

«ዘጠኝ መጽሐፍ ጽፎ አንድ ሽልማት አላገኘም። እንደ እሳት ያቃጥለው ነበር! ይሄ ዐሥረኛው ግን ያሸልመኛል ብሎ ምሎ ነበር።»

«አንብበውታል?»

«እኔ? እኔ አሳታሚ እንጂ አንባቢ ነኝ እንዴ! በዚህ ቤት እስከ መጨረሻው የምታነብ አራት ነጥብ ብቻ ናት።»

«ማን?»

«አራሚያችን። ክርክር ሁሉ እሷ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ለዚህ ነው ስሙ የወጣላት። እንዲያውም ጋሼ ይህን መጽሐፍ ለሌላ አራሚ ስጥልኝ ብሎኝ፣ እሷን የአንድ ወር እረፍት አስወጥቷት ነበር። ሌላ አራሚ ከየት ልውለድ? ቤቷ ድረስ ላኩላት። አነበበች፣ መለሰች፣ ኮምፒውተር ላይ ተለቀመ።»

«ለጋሼ ነገሩት?»

«ትናንት ነው ያወቀው፤ ከእረፍቷ ሳትጠራ ስትመጣ። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ጉንፋኑ ተነሣበት ብዬ ሻይ አፍሉለት አልኩ።»

አራሚዋ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጋች ቀጭን ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ስድስት ቀይ እስክሪብቶ በልክ ተሰልፏል።

«ሟቹን ስንት ዓመት ያውቁታል?»

«ሃያ ሁለት ዓመት። ዘጠኝ መጽሐፍ።»

«እንዴት ያለ ጸሐፊ ነበር?»

«ሦስቱን ሀ አንድ አድርጎ የሚኖር።»

መርማሪው ፈገግ አለ። «ሞቱ አላሳዘነዎትም?»

«እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ልጄ፣ ሳይታረም የሚታተም ስሕተት ነው።»

«እርስዎ ራስዎ ጽፈው አያውቁም?»

እጇ እስክሪብቶዎቹ ላይ ቆመ። «አራሚ አይጽፍም» አለች። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይላሉ» ስትል ጨመረች።

መርማሪው የዐሥሩንም መጽሐፍ ረቂቆችና የዐሥረኛውን የማረሚያ ቅጂ አስመጥቶ ባዶ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ገባ። እኩለ ቀን ላይ አለቃው ደወለ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«መጽሐፍ እያነበብኩ።»

«ቤተ መጻሕፍት ነው እንዴ የላክሁህ?»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ጠራቸውና በሩ ላይ አንድ ፖሊስ አቆመ። ገጹን ጠረጴዛው መካከል አኖረው።

«ጽሑፉ የሟቹ እጅ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ደብዳቤ ጽፎ ጥጉን በመቀስ የሚቆርጥ ሰው አላየሁም። ጥጉ ላይ ምን ነበር? የገጽ ቁጥር።» ረቂቁን ገለጠ። «ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ፤ ቀጥሎ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት። ባለታሪኩ ኑዛዜ ሊጽፍ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ገጽ ሰዎች ኑዛዜውን አንብበው ፊታቸውን ያዞራሉ። ኑዛዜው ግን የለም። ይኸው፤ እዚህ ነው።»

«እንግዲያው ጋሼ በገዛ ባለታሪኩ ቃል ተሰናበተን ማለት ነው!» አለ አሳታሚው፤ ዐይኑ ለአፍታ በራ። «ይሄ እኮ ሽፋኑ ላይ ቢጻፍ...»

«ዝም በል!» አለችው እኅቱ።

«ገጹ በተለቀመው ቅጂም ላይ የለም» ሲል መርማሪው ቀጠለ። «ስለዚህ የወጣው ትናንት ሳይሆን ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ነው። ያን ጊዜ ረቂቁ የነበረው አራሚዋ ቤት ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ የማታልፋቸው ሴት ሙሉ ገጽ እንዴት አለፋቸው?»

«ደክሞኝ ይሆናል» አለች አራሚዋ።

«ይሆናል። ዘጠኙን የቀድሞ ረቂቆች አየሁ፤ ቀይ ቀለም ያልፈሰሰበት ገጽ የለም። ዐሥረኛው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ የለችም።»

«ሰው ይሻሻላል።»

«ባለፈው ሳምንት የለጠፈው ማስታወሻ ይሄው። አይን በአልፋው አ፣ ሀኪም በሃሌታው ሀ፣ ስራ በእሳቱ ሰ። አልተሻሻለም። በዚህ ገጽ ላይ ግን ኃጢአት በብዙኃኑ ኃ፣ ሥራ በንጉሡ ሥ፣ ዐይን በዐይኑ ዐ! ሰው ከራሱ ሲጽፍ የለመደውን ፊደል ይጽፋል። ከፊቱ ያለውን ሲገለብጥ ግን ያየውን ይሥላል። ሟቹ ይህን መጽሐፍ አልጻፈውም። ገለበጠው።»

ሚስትየው ኮቱን ጨበጠች። «ከማን?»

«በዚህ ቤት እነዚህን ፊደላት ከሚለዩ ብቸኛ ሰው። ለዚህ ነው እረፍት ያስወጣቸው።» ወደ አራሚዋ ዞረ። «ግን ዳኛ ላሳምን አልችልም። የእርስዎ ረቂቅ በእጄ የለም። ጠበቃ ቢያቆሙ፣ ሟቹ ሲሻው አስተካክሎ ይጽፋል፣ ገጹንም ራሱ አስቀርቶት ነበር ይላል፤ ይረታኛልም። ይህ ገጽ የእሱ ነው ካሉ ራሱን ገድሏል፤ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ፣ መጽሐፉም በስሙ ይወጣል። የእኔ ነው ካሉ ግን...»

አልጨረሰውም። አራሚዋ ገጹን አየችው። እጇን ዘርግታ፣ የተቆረጠውን ጥግ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ጻፍኩት» አለች። «አንብብልኝ ብዬ ሰጠሁት። ስድስት ወር ቆይቶ፣ ‹አንድም ሕያው ሰው የለበትም፤ ለእሳት ሰጥቼ ገላገልኩሽ› አለኝ። አመሰገንኩት! እውነቱን ስለ ነገረኝ ቤቱ ድረስ ሄጄ አመሰገንኩት። ከዚያ ያንኑ መጽሐፍ በእሱ እጅ ጽሑፍ ቤቴ ላካችሁልኝ፤ አርሚው ብላችሁ። ምኑን ልረም?» ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ኑዛዜውን በገዛ እጁ ጽፎልኝ ነበር። እኔ የጨመርኩት ሻዩን ብቻ ነው።»

«ገጹ የማን ነው?»

«የእኔ። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የእኔ ነው።»

«ምን እንዳሉ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ውጭ ሆኜ መጽሐፌ በእሱ ስም ሲሸለም ከማይ፣ ታስሬ በስሜ ይነበብ።»

ፖሊሱ ክንዷን ይዞ ወደ በሩ ሲወስዳት ሚስትየው መርማሪውን ጠየቀችው።

«አንብበውታል አይደል? ጥሩ ነው?»

መዋሸት ፈለገ፤ አልሆነለትም። «እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም።»

የበሩ ደፍ ላይ የአራሚዋ አንገት ቀና አለ። ያን ቃል ከአንባቢ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ሚስትየው ራሷን ነቀነቀችና ወደ ወንድሟ ዞረች። «ይህ ቤት የማን ነው?»

«የአንቺ ነው እታለም።»

«የተለቀመውን ከኮምፒውተሩ አጥፋው። አሁን።»

«እታለም፣ ይሄ እኮ...»

«በእሱም ስም አይወጣም፤ በእሷም ስም አይወጣም። ረቂቁ በባሌ እጅ የተጻፈ የባሌ ወረቀት ነው፤ ፍርድ ቤት ሲጨርስበት ለእኔ ይመለሳል። እኔ ደግሞ አላቃጥለውም። ቆልፌበት አብሬው አረጃለሁ።»

አራሚዋ ክንዷን ከፖሊሱ እጅ መንጭቃ ዞረች።

«እባክሽ» አለች።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ቤት ስትሠራ ይህን ቃል ከአፏ የሰማ ሰው አልነበረም። ሚስትየው የባሏን ኮት ክንዷ ላይ አደረገች፤ ተራምዳ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችባት።