መንታዋ ቺፕ

«ሁለቱንም ገጽ ነው የምታስገለብጪው?»

«አንዱ ይበቃኛል። ሌላው ተቀዷል።»

ምልክቱ ልክ ነው። ሚዶ ትንሽ ተነፈሰች።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ምሳ ሰዓት ነው፣ ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ ሁሉም «እኔ ነኝ የቀደምኩት!» ይላል። ዕቃ ለመቀባበል ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለ? ማን ማንን ያያል? ሚዶ የምስጢር ስሟ ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም ራሷም ከረሳችው ቆይቷል። ተቀባዩ ደግሞ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ግጥም አድርጎ የለበሰ ሰውዬ ነው። በዚህ ሙቀት! በቃ፣ ሹራብ እንበለው።

«ዕቃውስ?»

ከቦርሳዋ ትንሽዬ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣች። ውስጡ በብር ወረቀት የተለበጠ፣ ክዳኑ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት። በውስጡ አንዲት የኮምፒውተር ቺፕ አለች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ። ለዚች ጥፍር ብላ ነው ሚዶ ተቀጣሪ መስላ ይህን ሁሉ ጊዜ የሰው ወርክሾፕ ውስጥ የከረመችው።

ሹራብ ክዳኑን ከፈተ። ቺፗን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣት። መነጽር እንደሚወለውል ሰው ደረቱ ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጋት። ከዚያ ከቤቱ ቁልፎች ጋር ኪሱ ውስጥ ጣላት።

ሚዶ ክው አለች።

«ሣጥኑን አንቺ ያዢው» አላት። «አጎት ወደ ሥራዋ ትመለስ ብሏል። ዛሬውኑ።»

ወጥቶ ሄደ።

ሹራብ ስታወልቁ ጠጠጠ የሚለውን ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ብልጭታ ለሰው ምንም አይደለም። ቺፕን ግን ይገድላል። ወርክሾፑ ውስጥ ቺፕ ከመንካቱ በፊት የውኃ ቧንቧውን የማይነካ ሰው አልነበረም፤ ሰውነት ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ እንዲወርድ። ሚዶም ለምዶባት ቤቷ ሳህን ከማንሣቷ በፊት ቧንቧ መንካት ጀምራለች።

አጎት ማለት አዛዧ ነው። የላካት ጊዜ «በሕይወት አምጪያት፤ ባለሙያዎቻችን ከፍተው ያጠኗታል» ብሏት ነበር።

ታዲያ ቺፗን ሹራብ ላይ የሚወለውል ምን ዓይነት ባለሙያ ነው?

ቺፗን በሕይወት የማይፈልጋት ሰው የላከው።

ሚዶ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። ሹራብን ተከተለችው።

መከተል ሙያዋ ነው። ነጠላዋን ከራሷ ወደ ትከሻዋ አወረደች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ሌላ ሴት ሆነች። ሹራብ ዞሮ እንኳ አላየም። መኪና እጥበት ገባና ከሸራው ጀርባ፣ ደንበኛ የሚጠብቅበት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ሚዶ በወዲያኛው በኩል ሸራውን ተጠግታ ቆመች። ስልኳን አውጥታ መቅጃውን ከፈተች።

«ሞተች?»

ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። የወርክሾፑ ባለቤት ነው። ሠራተኛው ሁሉ ከኋላው «ሊቁ» ይለዋል፣ ከፊቱ ግን ማንም አይደፍርም።

«ሹራቤ ላይ አስጨፈርኳት እኮ!» ሹራብ ሳቀ። «ከእንግዲህ በጸሎትም አትነሣ።»

«ልጅቷስ?»

«ትመለሳለች።»

ሦስተኛው ድምፅ። አጎት!

«ታዛዥ ናት። ባዶው ሣጥን ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ዘበኛህ በሩ ላይ ይፈትሻታል። ነገ ገንዘብ የሰጡህ እንግዶች ሲመጡ ቺፕ የለም። ሌባ ግን አለች።»

«ሚሊዮን ማሽን ብዬ ቃል የገባሁትስ?»

«ማን ስለ ሚሊዮን ይጠይቅሃል? የተሰረቀ ሰው ነህ። አልቅስ። ድርሻዬን ግን እንዳትረሳ።»

ሚዶ መቅጃውን ዘግታ ከሸራው ራቀች።

የሊቁ ሐሳብ ሲሰሙት አፍ ያስከፍታል። ሌላው ኮምፒውተር በብረቱ ላይ ፕሮግራም፣ በፕሮግራሙ ላይ ሌላ ፕሮግራም ተደራርቦበት፣ ሲከፈት ያዛጋል። የሱ ግን ኮዱ በቀጥታ ብረቱ ላይ ይጻፋል፣ መሃል የሚገባ የለም፣ በዓይን ጥቅሻ ይነሣል። መድረክ ላይ ወጥቶ ሲያወራው ሰው አጨብጭቦ አይጠግብም።

የሚጽፉት ግን የወርክሾፑ ሽማግሌ ባለሙያ ጋሼ ብየዳ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁትን ሊቁ ለማንም አልተናገረም። ወርክሾፑ የሚያወጣቸው ቺፖች ሁሉ ጉድለት አለባቸው፤ አንዷ እዚህ ጋ የሞተ ቦታ አላት፣ ሌላዋ እዚያ ጋ። ጋሼ ቁጥር በቁጥር፣ የሞተውን እየዘለሉ፣ ለእያንዳንዷ በልኳ ይሰፉላታል። የአንዷ ኮድ ለሌላዋ አይሆንም። ለአንዷ ስንት ወር!

«አንዷን መሥራት ፍቅር ነው» ይሉ ነበር። «ሚሊዮኗን መሥራት ፋብሪካ ነው። ይሄ ሰውዬ በፍቅር ፋብሪካ ሊከፍት ነው!»

አሁን ሚዶ ምን ታድርግ? ብትሸሽ ሌባዋ እሷ ናት። ፎቶዋ አጎት እጅ ነው። የእናቷን ቤት ያውቀዋል።

አንድ ሌባ መገኘት አለበት።

አንድ ብቻ።

ስልክ ደወለች።

«ሃሎ ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«የት ጠፋሽ አንቺ? ምሳሽ በረደ እኮ! ያ ጥርሳሙ ተለማማጅ ሊበላብሽ ነበር፣ በብየዳ ብረት ነው ያባረርኩት።»

«ጋሼ፣ ቺፗን ሰርቀዋታል።»



«ማን?»

«ሊቁ ራሱ። አሁን መንታዋንም ካገኛት ይሰብራታል። በጓሮ በር ይዘውልኝ ይውጡ፣ እኔ ልደብቃት።»

መንታዋን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጋሼ ሥራ ሲያስተምሯት የሠሯት ሁለተኛ ቺፕ ናት። ግማሹን ኮድ ሚዶ ነች የጻፈችው፤ ስትሳሳት ጣቷን ቸብ እያደረጓት።

«መጣሁ ልጄ» አሉ። ለምን ብለው እንኳ አልጠየቁም።

በጓሮ በኩል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ጋሼ በብየዳ ፍንጣሪ የተበሳሳ ካፖርታቸውን እንደለበሱ እያለከለኩ መጡ።

«መጀመሪያ የበሩን ብረት ንኪ!»

ነካች። እሳቸውም ነኩ። ከዚያ በብር ወረቀት የተጠቀለለች ነገር መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ሰው ከጠየቀሽ ጋሼ ጻፏት እንዳትዪ። እኛ ጻፍናት በይ። ግማሿ ያንቺ እጅ ነው።»

ሚዶ አቀፈቻቸው።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ምን ነክቶሽ ነው ዛሬ?»

አቅፋቸው ሳለች የቆርቆሮ ሣጥኑ ካፖርታቸው ኪስ ገባ። ድምፅ አላሰማም።

«በዋናው በር ይግቡ ጋሼ። በጓሮ ሲመለሱ ካዩዎት ይጠረጥሩዎታል።»

«እውነትሽን ነው። ብልጥ ነሽ እኮ አንቺ።»

ዞር እንዳሉ ለዘበኛው ደወለች። የሊቁን ጸሐፊ ድምፅ አሳምራ ታስመስላለች፤ ያ በአፍንጫ የሚወጣውን።

«ሊቁ ነው ያዘዘኝ። ልጅቷን ተዋት። ሽማግሌው ናቸው። የካፖርታቸውን ኪስ እይ።»

«እንዴ! ጋሼ? ትናንት እኮ የልጄን ሬድዮ ጠግነው...»

«ፈትሽ ስትባል ፈትሽ!»

ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየች። መሄድ ነበረባት፣ ሙያው እንዲያ ነው የሚለው። ግን አየች።

ዘበኛው ኪሳቸው እጁን ሲሰድ ጋሼ ቀልድ መስሏቸው እየሳቁ ሁለት እጃቸውን አነሡለት። ሣጥኑ ወጣ። አዩት። ሳቁ ፊታቸው ላይ ትንሽ ቆየ፣ የሚሄድበት ያጣ ይመስል።

ሊቁ ከመኪና ወርዶ ደረሰ። ሣጥኑን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ልጅቷን ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ ተወው። የፈለገው ሌባ ነው፤ የማን ፊት እንዳለው ምን ገዶት?

ማልቀስ ጀመረ።

እነዚያን የጋሼን እጆች ወደ ኋላ ጠምዝዘው አሰሯቸው።

አጎትን ዋናው ቤት፣ እሱንም ሚዶንም የሚያዘው የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ጠርቶት ገባ፤ ሲወጣ ያየው የለም። ሚዶ መኪና እጥበቱ ጋ የቀዳችው ድምፅ በቂ ነበር። መንታዋንም ባለሙያዎቹ ፈተኗት። ሚዶ ከቀናት በኋላ የዋናው ቤት አለቃ ፊት ቆማ ውጤቱን ሰማች። አለቃዋ ሴት ናት፣ ሁሉም «ዋናዋ» የሚላት።

«ትሠራለች» አለ ባለሙያው። «በጥቅሻ ነው የምትነሣው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ አብዟት።»

«አትበዛም። ኮዷ ለሷ ብቻ ነው የተሰፋው። ሁለተኛ ለመሥራት የሰፏት ሽማግሌ ራሳቸው ያስፈልጉናል።»

«የት ናቸው?»

ሁለቱም ሚዶን አዩዋት።

«እስር ቤት» አለች ሚዶ።

ዋናዋ ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ፣ ሆዷን ይዛ። ከዚያ ቺፗን መሳቢያ ውስጥ ከማያገለግሉ ቁልፎችና ከደረቁ እስክሪብቶዎች ጋር ከተተቻት።

«ለማንኛውም ተልእኮው ተፈጽሟል። አመሰግናለሁ።» ባለሙያው እስኪወጣ ጠበቀችና ቀጠለች፦ «አንቺን ጠይቀዋቸው ነበር፣ ምርመራ ላይ። 'ልጅቷ ምንም አታውቅም፣ የሰረቅኩት እኔ ነኝ' ብለው ፈረሙ። ማንም እጁን ሳያነሣባቸው። ሣጥኑን ማን እንደከተተባቸው የገባቸው ይመስልሻል?»

«ገብቷቸዋል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጣቶቼን ያውቋቸዋል።»

«እንግዲያው ለምን ዋሹልሽ?»

 ዋናዋ አዲስ መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችላት። አዲስ ስም፣ አዲስ የትውልድ ቀን፣ ፀጉሯ ብቻ የራሷ።

«ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

ታች ባለው ምግብ ቤት በላች። ከነፍሷ በላች። ይህን ነው ለራሷ ይቅር ያላለችው፤ ሳህኑን ጠርጋ ዳቦ ማስጨመሯን።

ስትወጣ የታክሲው ሰልፍ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። መጨረሻው ላይ ቆመች። አንዲት ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት እያለከለከች መጣች።

«የኔ እህት፣ የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ከኋላዋ ቆመች። ከሴትዮዋ ኋላ ሌላ ሰው፣ ከሱም ኋላ ሌላ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።