ስሙን የጠራች ዕለት

ልጆቼ፣ ይህን የማጫውታችሁ ጥፋቱ የኔም ስለሆነ ነው። «ኡኡታ ብትሰሙ እንዳትመጡ» ብዬ ጎረቤቱን የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ውባንቺ የየኔታ በእውቀቱ ልጅ ናት። ዓለምነህ የሸማኔው የትዕዛዙ ልጅ። ወረታ መገንጠያው ላይ ዝናብ አንድ ባጃጅ ውስጥ አስገባቸውና በዚያው ተዋደዱ። የኔታ ለሸማኔ ልጅ እንደማይድሩ ግን አገር ያውቃል። ስለዚህ ስሙን አትጠራውም።

«ምነው ሁልጊዜ አንተ፣ አንተ?» ሲላት፣

«አፌ ከለመደው አባዬ ፊት ያመልጠኛል» ትለዋለች።

ዓለምነህ ውባንቺ የምትጫወትበት ፊልም ሊሠራ ተነሣ። የኔታን ለምኜ አስፈቀድኩለት፤ «ወንድ አጠገቧ አይቁም!» ብለው ፈቀዱ። እሱም እሷ ብቻ ያለችበትን ታሪክ ጻፈ። ጎርፍ የከበባት ሴት ናት። ባሏ አያልነህ ወጥቶ ቀርቷል። ጧት ጧት ደጃፏ ላይ እርጥብ የእግር ዱካ ታገኛለች። የባሏ ነው? ወይስ ባሏን የገደለው ሰው? መጨረሻ ላይ ኡኡ ትላለች፤ የሚደርስላት የለም።

በእኛ በፎገራ ግን ኡኡታ የሰማ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። በመጀመሪያው ቀን አርባ ሰው ዱላና ገመድ ይዞ ደረሰና ቀረጻው ተበላሸ። ለዚህ ነው የከለከልኳቸው።

ነሐሴ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ የሩዙን ማሳ ውሃ አልብሶታል። የምንቀርጽበት ባዶ የጭቃ ቤት ውሃ ውስጥ ቆሟል።

«ውሃው ጨመረ፤ ይቅርብን» አላት ዓለምነህ።

«ነገ ቤቱም አይኖርም። አንዴ ብቻ።» ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል ቆየች፤ ከዚያ ገባች።

እሱ ጉብታው ላይ ካሜራውን አቁሟል። እኔና የኔታ ከኋላው ነን።

«ኡኡ! አያልነህ! ኧረ እግሬን!»

«አቤት፣ እንዴት አድርጋ ትጮኻለች!» አልኩ፤ ሞኙ። የኔታም በኩራት ጢማቸውን ዳበሱ። የጓሮው ግድግዳ እንደተናደ ከፊት ሆነን በምን እንወቅ! ዓለምነህ ዓይኑን ከካሜራው አልነቀለም። ጩኸቷ ቀጠለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

ከዚያ፣ «ዓለምነህ!»

የኔታ ዞሩ። «ማንን ነው የምትጠራ?»

ዓለምነህ ካሜራውን እንደቆመ ትቶ ውሃው ውስጥ ገብቷል። የኔታም ተከተሉት። እኔ ኡኡታዬን አቀለጥኩት፤ ማን ይመን! ምሰሶ እግሯ ላይ ተጋድሟል፤ ውሃው አገጯ ደርሷል። የኔታ ምሰሶውን አነሡ፣ ልጁ ሳባት። እንደ ታቀፋት ሲወጣ የኔታ ከኋላው ነበሩ።

በመስቀል ሰሞን ወረታ አዳራሽ ውስጥ ፊልሙ ታየ። ካሜራው ለካ ሁሉንም ይዞታል። አንዲት ሴት በዱካ ፈርታ ትንፋሻችንን ስታስውጠን ቆየች፤ መጨረሻ ላይ የወንድ ጀርባ ብቅ አለ። ቀጥሎ ጥምጣማቸው የወደቀባቸው ሽማግሌ።

«ብቻዋን ናት አላላችሁም?» አለች አንዷ። ቤቱ ሳቀ።

የኔታ ወደ ዓለምነህ ዘንበል አሉ። «አንተ፣ ጥምጣሜ የወደቀባትን ቦታ ቁረጣት።»

«ዓለምነህ፣ እንዳትቆርጣት» አለች ውባንቺ፣ አባቷ ፊት፣ ጮክ ብላ።

የኔታ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ፈተሹ፤ በቦታው አለ።

«በል ተዋት» አሉ። «ሽማግሌህን ግን እሑድ ላክ።»

የተላክሁት እኔ ነኝ።