ቀድማ የተጠራችው ተወዳዳሪ

ስሟ ሲጠራ አልተነሣችም። ጸሐፊዋ ደግማ ጠራቻት፤ ቀረብ ብላ ትከሻዋን ስትነካት ወጣቷ ወደ ግድግዳው ዘንበል አለች፤ በዚያው ቀረች። ጊዜው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ቦታው የአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ሦስተኛ ፎቅ፣ ለመጋዘን ኃላፊነት የሚፈተኑ ሦስት ተወዳዳሪዎች ተራ የሚጠብቁበት ጠባብ መተላለፊያ።

ለምርመራ የተጠራችው የፖሊስ መርማሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሬሳ ስታይ ኖራለች። አፏን ያመረራት ሬሳው ሳይሆን ከአጠገቡ የቆመው ባለ ከረባት ተወዳዳሪ ነበር።

«ይቅርታ እመቤቴ» አላት፤ «ቃለ መጠይቁ ዛሬ ይቀጥላል ወይስ ቀን ይለወጣል?»

«ቸኩለዋል?»

«አሥራ አንድ ቦታ ተፈትኜ ወድቄያለሁ። ይሄ አሥራ ሁለተኛዬ ነው።»

አብሯት የመጣው ሐኪም ወደ መስኮቱ ወሰድ አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብዛት ያለው የእንቅልፍ መድኃኒት ይመስለኛል» አላት። «ከንፈሯ ጥግ ላይ ነጭ ዱቄት አለ። ቦርሳዋ ውስጥ የአስም መድኃኒት አግኝቻለሁ፤ አስም ስለነበረባት ትንፋሿን ዘግቶባታል። የወሰደችው ከመሞቷ ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ነው።»

ሦስተኛዋ ተወዳዳሪ የሟቿ የአክስት ልጅ ናት። ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። መርማሪዋ ለጊዜው ተወቻትና ወደ ጸሐፊዋ ዞረች።

«እዚህ የጠጡት ነገር አለ?»

«ሻይ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ለሦስቱም ከአንድ ማንቆርቆሪያ ቀዳሁላቸው፤ እኔም ጠጥቻለሁ።»

«የጥሪውን ተራ ማን አወጣው?»

«እኔ። አንደኛ የአክስቷ ልጅ ነበረች፣ ሟቿ መጨረሻ። ትናንት ወደ ማምሻው ደወለችልኝና ‹አክስቴን ሐኪም ቤት ስለማደርስ ቀደም አድርጊኝ› አለችኝ። የአክስቷ ልጅ አጠገቧ ስለነበረች ተስማሙና አቀያየርኳቸው። ሰውዬው መሃል እንደነበረ ነው።»

«ከሞተች በኋላ ከዚህ የተነሣ ሰው አለ?»

ጸሐፊዋ አሰብ አደረገች። «እኔና ሰውዬው ደግፈናት ነበር። የአክስቷ ልጅ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ጠየቀችኝ። ሊያስመልሳት መስሎኝ ሰጠኋት።»

መርማሪዋ ወደ ባለ ከረባቱ ተመለሰች። «ከመግባትዎ በፊት ያዩት ነገር ነበር?»

«ከሁለቱ ጋር ባንድ ታክሲ ነው የመጣነው። ሟቿ ቀይ ክዳን ካለው ትንሽ ፔርሙስ ትጎነጭ ነበር። ሁለት ሰዓት አልሞላም።»

«ቅድም ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቁኝማ።» ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎት? አንድ ሰው ሲቀንስ የኔ ዕድል ምን ያህል ይጨምራል እያልኩ ሳስብ ነበር።»

መርማሪዋ ቆሻሻ እንደረገጠ ሰው አንድ እርምጃ ራቅ አለችው። ከዚያ ከአክስት ልጅየዋ ጎን ተቀመጠች።

«ትቀራረቡ ነበር?»

«እናቴ ናት ያሳደገቻት፤ ባንድ አልጋ ነው የተኛነው። ይህን ማስታወቂያ አይታ ‹ነይ አብረን እንሞክር› ያለችኝ እሷ ናት። እንዴት እንደምቀመጥ፣ እጄን የት እንደማደርግ፣ ሁሉንም አስተምራኛለች።»

«ዛሬ ጠዋት ምን ጠጣች?»

«እዚህ የሰጡንን ሻይ ብቻ።»

መርማሪዋ ሌላ አልጠየቀቻትም። የሁለቱን ሴቶች የማመልከቻ ፋይል አስመጥታ ቆማ አነበበች፤ ስትጨርስ ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ ሁሉንም ወደ ቃለ መጠይቁ ክፍል አስገባች።

«የገደላት እዚህ የቀረበው ሻይ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ሁሉም ጠጥተውታል፤ ደግሞም ሰዓቱ አይደርስም። መድኃኒቱን የወሰደችው በመንገድ ላይ ነው፣ ከቀይ ክዳኑ ፔርሙስ። ፔርሙሱ ግን ቦርሳዋ ውስጥ የለም። እስቲ ቦርሳሽን ክፈቺው የኔ ልጅ።»

የአክስት ልጅየዋ አልተንቀሳቀሰችም። ጸሐፊዋ ቦርሳውን ከፈተችው። ፔርሙሱ ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ የክዳኑ ጎማ ሥር ግን ነጭ ዱቄት ተጣብቋል።

«እህትሽ ሳትቀዘቅዝ ዕቃ ታጥቢያለሽ» አለች መርማሪዋ። የማመልከቻ ፋይሎቹን አነሣች። «ምክንያቱን እዚህ አገኘሁት። ሟቿ የሦስት ዓመት የመጋዘን ልምዷን ስትጽፍ ‹ማቀዝቀዣው በተበላሸ ቀን አራት ሺህ ጠርሙስ መድኃኒት ሳይበላሽ አሻግሬአለሁ› ትላለች። አንቺም ቃል በቃል ይህንኑ ጽፈሻል። መጋዘን ውስጥ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

መርማሪዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች።

«አንደኛ ብትጠሪ ኖሮ ታሪኩን ቀድመሽ ታወሪው ነበር፤ የሰረቀችው እሷ ትመስል ነበር። ትናንት ግን ለእናትሽ ሕክምና ተራው ሲቀየር እምቢ ማለት አልቻልሽም፤ እሷ ቀዳሚ ሆነች። እሷ ተናግራ ከወጣች አንቺ ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ? ሰውዬው ተራው ስላልተለወጠ ለውጡ አይነካውም። የነካው አንቺን ብቻ ነው።»

ልጅቷ ሻርፗን ከፊቷ አወረደች። እንባዋ ደርቋል።

«የእናቴ የእንቅልፍ ክኒን ነው» አለች። «እንድትሞት አልነበረም። ብቻ አንደበቷ እንዲተሳሰር፣ እንዲያንቀላፋት ነበር። ‹ለድምፅሽ ይጠቅማል› ብዬ፣ ፈጭቼ ከማር ጋር በፔርሙሱ ሰጠኋት። እሷ እኮ ሌላም ቦታ ታገኛለች። የትም ብትሄድ ይወዷታል።»

ፖሊሶች ይዘዋት ወጡ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ… የቀሩን አንድ ተወዳዳሪ ናቸው» አለ። ባለ ከረባቱ ፈጥኖ ወንበር ሳበ፤ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። መርማሪዋ በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ወደ ሟቿ አክስት ቤት ሌላ ሰው መላክ ትችል ነበር፤ ራሷ ሄደች። የደንብ ልብስ አልለበሰችም። በሩን የከፈቱት አዛውንት እናት ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ፊታቸው በራ።

«ልጆቼ ከሚፈተኑበት መሥሪያ ቤት ነሽ መሰለኝ። ግቢ እንጂ የኔ እናት፣ ምን ያስቆምሻል?» እጇን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቧት። «ጠዋት አብረው ሲወጡ መርቄያቸው ነበር። በይ ንገሪኝ፣ ከሁለቱ የቷ አለፈች?»